ጠጠሩ የት ገባ? ቀላል የኮምፒውተር ጨዋታ ሲጻፍ ስለሚገጥሙ የራንታይም ስሕተቶች

ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምሩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ እጃቸውን የሚያሟሹት በጨዋታ ነው። የጨዋታ ውጤት ወዲያው ይታያል፤ ለጓደኛ ያሳዩታል፣ ታናሽ ወንድም ይሞክረዋል። ብዙዎቹ ግን የጀመሩትን ዳር አያደርሱትም። የሚያቆሙትም ኮዱ ተጽፎ አልቆ፣ ራን ተደርጎ፣ ጥቂት ከተጫወቱበት በኋላ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ሲሞላ ነው። ኮድ ሲጻፍ የሚፈጠር ግድፈት፣ ለምሳሌ ያልተዘጋ ቅንፍ፣ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ይያዛል። ራንታይም ኤረር የሚባለው ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ የሚመጣ ነው። አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል፤ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ይከሰታል፣ በሌላው ላይ ድምፁ ይጠፋል።

በዚህ ዳሰሳ ስለዚህ ዓይነቱ ስሕተት መጻሕፍት ያሉትን፣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ራሱ የሚናገረውን፣ የእኛ ፊደልና የእኛ አገር ሁኔታ የሚጨምሩትንም አንድ ላይ ለማየት እሞክራለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ስሕተት የሚታይበት መስመርና ስሕተት የሚወለድበት መስመር እምብዛም አይገናኙም። ለተማሪዎቻችን ኮድ መጻፍን እያስተማርን ከታየበት ተነሥቶ ወደ ተወለደበት የመመለስን ዘዴ ግን ለብቻቸው እንዲያገኙት ትተንላቸዋል።

ለማሳያ ገበጣን መርጫለሁ። ገበጣ በአገራችን እንደየአካባቢው ሕጉ የሚለያይ ጨዋታ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ባወጡት ሰፊ ጥናት የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበዋል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» ከተባለው የዶሮ ሩጫ ጨዋታው ሌላ ገበጣንም ለስልክ አዘጋጅቶታል። ለጀማሪም የሚመች ነው፤ ሥዕልና እንቅስቃሴ ሳያስፈልገው በቁጥር ብቻ ይጻፋል። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር ያለውን ዓይነት እንውሰድ። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሮቹን አንሥቶ በሚቀጥሉት ላይ አንድ አንድ እያደለ ይዞራል።

ልጁ 12ቱን ጉድጓዶች በአንድ ሊስት ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ራን ያደርግና የመጀመሪያውን ጉድጓድ ይሞክራል፤ ይሠራል። ሦስተኛውን፣ ስድስተኛውን ይሞክራል፤ ይሠራል። ደስ ብሎት ጓደኛውን ይጠራል። ጓደኛው ዘጠነኛውን ሲመርጥ ጨዋታው ቀጥ ይልና «ሊስት ኢንዴክስ አውት ኦፍ ሬንጅ» (የተጠየቀው ቦታ ከሊስቱ ውጭ ነው) የሚል መልእክት ይወጣል። ከስምንተኛው የተነሡ 4 ጠጠሮች አሥራ ሁለተኛው ላይ ያልቃሉ፤ ከዘጠነኛው የተነሡት ግን አራተኛቸው አሥራ ሦስተኛ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የለም። ስሕተቱ ገና ከመጀመሪያው ኮዱ ውስጥ ነበረ። ስምንት ጉድጓዶች ሸፍነውት ስለነበር ብቻ አልታየም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቦታውን ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ነው፣ ያን ጊዜ ከአሥራ ሁለተኛው ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው ይሆናል። አዟዟሩን ወደ ኋላ ያደረገ ተማሪ ግን ይህን መልእክት ቶሎ አያገኘውም፤ ፓይተን ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ሲሰጠው ከሊስቱ መጨረሻ ስለሚቆጥር ዝም ብሎ ይሠራለታል፣ መልእክት የሚያወጣው በዚህ ሊስት ቁጥሩ ከነጌቲቭ አሥራ ሁለት ወደ ታች ሲወርድ ብቻ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝን ነገር ላንሣ። ብዙ ጀማሪዎች ይህ መልእክት ሲገጥማቸው የሚያደርጉት ቦታውን ማስተካከል ሳይሆን መልእክቱን ማፈን ነው። ፓይተን «ትራይ» እና «ኤክሴፕት» የተባሉ ቃላት አሉት፤ በእነሱ መካከል የገባ መስመር ቢሰበር ፕሮግራሙ ሳይቆም ያልፋል። ቀዩ ጽሑፍ ይጠፋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። አሥራ ሦስተኛውን ጉድጓድ ያጣው ጠጠር ግን የትም አልገባም። ሰሌዳው ላይ 47 ቀሩ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ 44። ተጫዋቾቹ አሸናፊው ማን እንደሆነ ሲከራከሩ ኮዱ አንድም የቅሬታ ቃል አያወጣም። ሊታይ ይችል የነበረ ስሕተት ወደማይታይ ስሕተት ተለወጠ ማለት ነው፤ እንደ እኔ ጀማሪ ሊፈጽመው ከሚችለው ጥፋት ሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው።

ገበጣ ራሱ ግን ጥሩ ጠባቂ ይሰጠናል። ጠጠር አይወለድም፣ አይሞትም፤ ሰሌዳው ላይ ያለውና በተጫዋቾቹ የተበላው ሲደመር ሁልጊዜ 48 ነው። «አሰርት» በተባለው የፓይተን ቃል ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ ድምሩ 48 መሆኑን ማስጠየቅ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ድምሩ ሲጎድል ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል፣ ጠጠሩም ከጠፋበት ዙር አያልፍም። እያንዳንዱ ጨዋታ እንዲህ ያለ የማይለወጥ ነገር አለው፤ በእባቡ ጨዋታ የእባቡ ርዝመት ከበላው ጋር እኩል ይሄዳል፣ በካርታ ጨዋታ ካርታዎቹ 52 ናቸው። ኮድ ከመጻፉ በፊት ይህን የማይለወጥ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከማንኛውም የኋላ ፍለጋ ይበልጣል።

አንድሪያስ ዜለር የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር «ፕሮግራሞች ለምን ይወድቃሉ» በሚል ርእስ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉዳይ በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። መጀመሪያ በኮዱ ውስጥ ጉድለት አለ። ጉድለቱ ያለበት መስመር ሲሠራ የፕሮግራሙ ውስጣዊ ይዞታ ይበከላል፤ አንድ ቁጥር ይሳሳታል፣ አንድ ሊስት ያንሳል። ብክለቱ ከቁጥር ወደ ቁጥር እየተላለፈ ሄዶ በመጨረሻ ለተጠቃሚው ሲታይ ነው ውድቀት የሚባለው። ቀዩ ጽሑፍ የሚነግረን ሦስተኛውን ነው። የእኛ ሥራ ከሦስተኛው ተነሥቶ በሁለተኛው በኩል አንደኛው ላይ መድረስ ነው።

ይህን ሳስብ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ትመጣብኛለች። ቤተ ልሔም ድጓ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ማስመስከሪያ ናት፤ በሌላ አገር ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ዕውቀቱን አስፈትኖ ለመምህርነት የሚበቃው እዚያ ነው። ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት ጋር የሚጠራ የራሷ የዜማ ስልትም አላት። ድጓ የሚማር ሰው ሁለት ዓይነት ስሕተት ይገጥመዋል። ብራናው ላይ ቃል ከተገደፈ ወይም ምልክት ከተዘለለ በዓይን ታይቶ ይታረማል። ሌላው ሲዜም ብቻ የሚሰማ ነው፤ ይዘትና ደረት የተባሉት የዜማ ምልክቶች በቦታቸው ተጽፈው ሳለ ተማሪው ከመነሻው ድምፁን አላግባብ ከፍ ስላደረገ ርክርክ የተባለው ምልክት ላይ ሲደርስ ይሰበርበታል። የኔታ ያን ጊዜ ርክርኩን ብቻ አያስደግሙም፣ ከመነሻው ያስጀምሩታል። ፕሮግራም አራሚም የሚያስፈልገው ይኸው የጆሮ ልምድ ነው፤ የተሰበረበትን ቦታ ሰምቶ ወደ ተነሣበት መመለስ።

ከመልእክቶች ሁሉ የከፋው ምንም መልእክት የሌለው ነው። በብዙ የገበጣ ሕጎች የመጨረሻው ጠጠር፣ ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈ ተጫዋቹ እዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ማደሉን ይቀጥላል፤ ባዶ ላይ ካረፈ ተራው ያልቃል። ተማሪው ሕጉን እንዳለ ይጽፈዋል፦ ጠጠሩን ጣል፣ ከዚያ ጉድጓዱ ዜሮ ከሆነ አቁም። ራን ሲያደርገው ጨዋታው ይደርቃል፣ ምንም አይታተምም፣ ቁልፍ ቢነካም ምላሽ የለም። ልጁ ኮምፒውተሩ ሀንግ አደረገ ብሎ ያጠፋዋል። ኮምፒውተሩ ግን ጤነኛ ነው፤ የታዘዘውን እየሠራ ነው። ጠጠር የተጣለበት ጉድጓድ ቢያንስ አንድ ጠጠር አለው፣ ዜሮ ሆኖ ሊገኝ አይችልም። ጥያቄው ከመጣሉ በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ «አንድ ነው ወይ?» መባል ነበረበት። እዚህ ላይ 48ቱም ልክ ናቸው፣ የሚሰበር መስመርም የለም፣ ሎፑ (የሚደጋገመው የኮድ ክፍል) ብቻ ለዘላለም ይዞራል። እንዲህ ሲሆን ሎፑ ውስጥ አንድ የ«ፕሪንት» መስመር ጨምሮ በየዙሩ ቦታውንና የጠጠሩን ቁጥር ማሳተም፣ ወይም ዙሩ ከሺህ ሲያልፍ አስቁሞ ሰሌዳውን ማየት ይበቃል። ፓይጌም በተባለው የጨዋታ ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጠርጥር፤ ፕሮግራሙ የቁልፍና የማውስ መልእክቶችን በየዙሩ ካልተቀበለ ሎፑ ልክ ቢሆንም ዊንዶውስ መስኮቱን እንደ ደረቀ ይቆጥረዋል።

ሁለቱን ረድፎች ለየብቻ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ተማሪ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ባለ 6 ጉድጓድ ረድፍ ይሠራና በ2 ያባዛዋል። ሲያሳትመው ሁለት ረድፍ ይመስላል። አንዱ ተጫዋች ከሦስተኛው ጉድጓድ ሲያነሣ ግን የተቃራኒውም ሦስተኛ ጉድጓድ ይራቆታል፤ ፓይተን ረድፉን አልገለበጠውም፣ አንዱን ረድፍ ሁለት ጊዜ ጠቁሞታል። የሚገርመው ጠባቂያችንም እዚህ ይሸነፋል፦ የተነሣው ሁለት ጊዜ ስለሚቀነስና የታደለውም ሁለት ጊዜ ስለሚደመር፣ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ድምሩ 48 ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የድምር ቁጥጥር አለኝ ብሎ መተማመን አይገባም፤ ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ ሰሌዳውን አሳትሞ በዓይን ማየት የግድ ነው።

ሌሎቹን የተለመዱ ስሕተቶች በፍጥነት ልለፋቸው። ከተጫዋቹ የተቀበሉት ቁጥር ጽሑፍ ሆኖ ስለሚመጣ ሳይቀይሩት ቢደምሩበት «ታይፕ ኤረር» ይመጣል፤ ቢያወዳድሩት ግን መልእክት የለም፣ 10 ከ9 ያነሰ ሆኖ ይገኛል፣ ምክንያቱም የሚወዳደሩት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። ነጥብ የሚቆጥረውን ቫሪያብል ፈንክሽን ውስጥ ለመለወጥ የሞከረ «አንባውንድ ሎካል» ይገጥመዋል። «ነን ታይፕ» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ካዩ ብዙ ጊዜ ውጤት መመለስ የነበረበት ፈንክሽን ሳይመልስ ቀርቷል ማለት ነው፤ ፈንክሽኑ ከተሰበረው መስመር ብዙ ርቆ ሊገኝ ይችላል። ታላላቆቹ ጨዋታዎችም ከስሕተት አላመለጡም፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓክማን የተባለው ጨዋታ የደረጃ ቁጥሩን እስከ 255 ብቻ በሚቆጥር ቦታ ስላስቀመጠ 256ኛው ደረጃ ላይ የስክሪኑ ግማሽ በተመሰቃቀለ ምልክት ይሞላል።

የእኛ ፊደል የሚያመጣቸው ጉዳዮች ግን በውጭ መጻሕፍት እምብዛም አይገኙም፤ እዚህ ላይ ዘግየት ማለት አለብኝ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ ለቫሪያብሎች በአማርኛ ስም ማውጣትን ይፈቅዳል። «ነጥብ» ወይም «ተራ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ ለጀማሪም መልካም ነው። ነገር ግን አንዱ ቦታ «ፀሐይ» ሌላው ቦታ «ጸሐይ» ብሎ የጻፈ ሰው ለፓይተን ሁለት ስም ሰጥቷል። ሲያነብበው «ኔም ኤረር» ያወጣለታል፤ ዋጋ ሲሰጥበት ግን ሌላ አዲስ ቫሪያብል ይፈጥርለትና ዝም ይላል። በሐ እና በሀ፣ በሠ እና በሰ፣ በዐ እና በአ የሚጻፉ ቃላት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። የቃላት ጨዋታ የሚሠራ ሰው መልሱን ከማወዳደሩ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ ይኖርበታል፤ ያለዚያ ትክክለኛውን መልስ የመለሰ ተጫዋች ተሳስተሃል ይባላል።

ከሁሉ የረቀቀው የግእዝ ቁጥር ነው። ጠንቃቃ ተማሪ ተጫዋቹ የጉድጓድ ቁጥር ሲጽፍ ፊደል እንዳይሆን «ኢዝ ዲጂት» በተባለው ትእዛዝ ያስፈትሻል። ተጫዋቹ ፫ ብሎ ቢጽፍ ፈታሹ «አዎ፣ አሃዝ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። በሚቀጥለው መስመር ወደ ቁጥር ሲለወጥ «ቫሊዩ ኤረር» ብሎ ይሰበራል። ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን አሃዝ ብሎ መዝግቧቸዋል፣ በአሥር ቤት የሚቆጠሩ አሃዞች ብሎ ግን አልመዘገባቸውም፤ በግእዝ አቆጣጠር ዜሮ የለም፣ አሥርም የራሱ ምልክት ፲ አለው። ስለዚህ በር ላይ ያለፈው እንግዳ ቤት ውስጥ ተቀባይ ያጣል። «ኢዝ ዴሲማል» የተባለው ፍተሻ ይህን አስቀድሞ ይመልሰዋል፤ ከዚያ የተሻለው ደግሞ የግእዝ ቁጥሮችን ከዋጋቸው ጋር በሰንጠረዥ አስቀምጦ መቀበል ነው። የዘመን አቆጣጠራችንም የራሱ ጣጣ አለው፦ ጳጉሜን 5 ቀን የተወለደ ተጫዋች ልደቱን በ13ኛው ወር ቢያስመዘግብ የፓይተን የቀን መሣሪያ ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት ብሎ ይመልሰዋል።

የተጫዋቾችን ስም በአማርኛ ፋይል ላይ ሲያስቀምጡ ዊንዶውስ በራሱ ልማድ ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ አጻጻፍ ስለሚመርጥ ብዙ ጊዜ ይሰበራል፤ ፋይሉ ሲከፈት አጻጻፉ ዩቲኤፍ 8 የተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ መሆኑን መንገር ይፈታዋል። ፓይጌም ላይ ፎንቱ ፊደላችንን ካልያዘ ደግሞ መልእክት ሳይወጣ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ።

ቀጥሎ የመብራት ነገር አለ። ጨዋታው ነጥብ እያስቀመጠ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ በግማሹ ይቀራል፤ በማግሥቱ ጨዋታው ገና ሲነሣ ይሰበራል፣ ኮዱ ግን አንድም ፊደል አልተለወጠም። ተማሪው ኮዱን ገጽ በገጽ ሲፈትሽ ይውላል። አዲሱን ነጥብ በጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፎ ሲጨርስ ብቻ በአሮጌው መተካት ይህን ያስቀራል። በፍላሽ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የተወሰደ ጨዋታም የሥዕሎቹ ፎልደር ስለቀረ፣ ወይም በዊንዶውስ ያልተለየው ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል በሊኑክስ ስለተለየ ብቻ ፋይል አጣሁ ይላል። ያረጁ ኮምፒውተሮች ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል፦ ዊንዶውስ 7 ከፓይተን 3.8 በላይ አይቀበልም፣ የተሳሳተ ስም ሲያይ «ይህን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ የሚጠቁመው ደግሞ ከ3.10 ጀምሮ ያለው ነው። ጠቋሚው በብዛት የሚያስፈልገው ጀማሪ ጠቋሚ በሌለው እትም ይማራል።

እንደ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ባሉ የደቡብ ጎንደር ከተሞች ያለ ተማሪ ስሕተቱን ኢንተርኔት ላይ ፈልግ መባሉ ሁልጊዜ አይሠራለትም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ስለዚህ ያለ መረብ የሚሠራውን ማወቅ ለእነዚህ ልጆች ቅንጦት አይደለም። ፓይተን ሲጫን አብሮት የሚመጣው «ሄልፕ» የተባለ ትእዛዝ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስቆመ የሚያሳየው «ፒዲቢ» የተባለው መሣሪያም እንዲሁ። ኮምፒውተር የሌለው በስልኩ ላይ ፓይድሮይድ የተባለውን መተግበሪያ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይጽፋል፣ ያርማል።

መልእክቱን ማንበብ ራሱ ልምምድ ይሻል። የፓይተን መልእክት ከታች ወደ ላይ ይነበባል፦ የመጨረሻው መስመር ምን እንደ ሆነ ይናገራል፣ ከእሱ በላይ ያለው የት እንደ ተሰበረ፣ ወደ ላይ በተሄደ ቁጥር ማን ማንን እንደ ጠራ ይታያል። እርዳታ የሚጠይቁ ልጆች በስልክ ፎቶ አንሥተው ሲልኩ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ያ የመጨረሻ መስመር ነው። መልእክቱን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰጡም በዝተዋል፤ ትርጉሙን በአማርኛ ማስረዳቱ ጥሩ እገዛ ነው፣ ነገር ግን የተሰበረውን መስመር ብቻ ስናሳየው የተሰበረውን መስመር ብቻ ይጠግናል፣ አንዳንዴም በዚያው «ትራይ» እና «ኤክሴፕት» ሸፍኖ ይመልሰዋል።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነው፦ ስሕተቱን እንደገና ማስመጣት የሚችልበትን አጭሩን መንገድ አግኝቶ ወረቀት ላይ መጻፍ። «ዘጠነኛውን ጉድጓድ ስመርጥ፣ የመጀመሪያ ዙር» ብሎ መጻፍ የቻለ ተማሪ ሥራውን አጋምሷል። ከዚያ ኮዱን ለሁለት ከፍሎ መሃል ላይ ሰሌዳውን ማሳተም፤ እዚያ ልክ ከሆነ ችግሩ ከታች ነው፣ ካልሆነ ከላይ፤ አሁንም መክፈል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው «ዘ ፕራግማቲክ ፕሮግራመር» ኮዱን ለሌላ፣ ለፕላስቲክ ዳክዬም ቢሆን፣ መስመር በመስመር ማስረዳትን ይመክራል፤ አጠገቡ የክፍል ጓደኛ ያለው ልጅ ዳክዬ አያስፈልገውም። ሲሞር ፔፐርት ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. «ማይንድስቶርምስ» በተባለው መጽሐፋቸው ልጆች ከኮምፒውተር ከሚያገኙት ትልልቅ ነገሮች አንዱ የራሳቸውን ስሕተት ያለ ሐፍረት መመርመር እንደሆነ ተከራክረዋል። ለማርክ በሚሠራ ክፍል ውስጥ ይህ ይጠፋል፤ ያልሠራ ፕሮግራም ዜሮ ስለሚያገኝ ተማሪው ከጓደኛው የሠራውን ገልብጦ ያስረክባል። ያልሠራውን ፕሮግራም ለምን እንዳልሠራ በትክክል ላስረዳ ተማሪ ሙሉ ማርክ ቢሰጥ ምን ይጎዳል?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ሲጀመር ብዙ ወጣት ተመዝግቧል። ከኮርስ ጎን ለጎን የሚያስፈልገው በአማርኛ የተጻፈ፣ ታትሞም በፍላሽም የሚዞር የስሕተት መድብል ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ትምህርት ቤቶች ጎረቤት የሆነው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ የክረምት ዕረፍት ሊሠሩት ይችላሉ። እያንዳንዱ ገጽ አንድ መልእክት ይይዛል፦ ከላይ መልእክቱ እንደሚታየው፣ ቀጥሎ በአማርኛ ምን እንደሚል፣ ከዚያ ያንኑ ስሕተት ሆን ብሎ የሚያስመጣ አጭር የገበጣ ኮድ፣ በመጨረሻም ባዶ መስመር፣ ተማሪው ስሕተቱ በራሱ ኮድ ውስጥ የተወለደበትን የመስመር ቁጥር የሚጽፍበት።